አይንስታይንን ለልጅ ስንነግር

ለልጆች ስለ አልበርት አይንስታይን ከሚነገሩት ታሪኮች ሁሉ በጣም የሚወደደው እውነት ያልሆነው ነው። ደካማ ተማሪ ነበር፤ በሒሳብ ወድቋል፤ መምህራኑም ተስፋ ቆርጠውበት ነበር፤ በኋላ ግን የዓለም ታላቅ ሳይንቲስት ሆነ ይባላል። የሒሳብ ፈተና አልሆን ብሎት ተክዞ ለገባ ልጅ ይህን የማይነግር ወላጅ ወይም መምህር ጥቂት ሳይሆን አይቀርም። ባለታሪኩ ራሱ ወሬውን በሕይወት ሳለ ሰምቶታል። በ1935 (ዓመታቱ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ፣ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፕሪንስተን ውስጥ አንድ ራቢ ይህንኑ የሚያትት የጋዜጣ ቁራጭ ቢያሳዩት፣ በሒሳብ ወድቆ እንደማያውቅ፣ እንዲያውም ዐሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላው ካልኩለስን አጠናቆ እንደ ነበር መለሰላቸው። ለወሬው መነሻ የሚሆን ነገር ጨርሶ የለም ማለት ግን አይደለም። በ1895 ዙሪክ ወደሚገኘው የፖሊቴክኒክ ተቋም ለመግባት ከተለመደው ዕድሜ ሁለት ዓመት ያህል ቀድሞ ተፈትኖ አላለፈም። የጣሉት ሒሳብና ፊዚክስ አልነበሩም፤ በእነዚህ ጥሩ ውጤት አምጥቷል፤ የጣሉት ፈረንሳይኛን የመሰሉ ሌሎች ትምህርቶች ናቸው። ከዚያ በኋላ በገባበት በአራው ከተማ ትምህርት ቤት ደግሞ ከፍተኛው ውጤት 6 ነበር፤ 1 ከፍተኛ ውጤት በሆነበት በጀርመን ሥርዓት የለመደ ሰው ያንን የውጤት ካርድ ቢያይ ሊሳሳት ይችላል።

ይህ ፈጠራ እንዲህ የተወደደበትን ምክንያት ማሰብ ሳይጠቅም አይቀርም። ምናልባት ከልጁ ይልቅ የሚያጽናናው እኛን አዋቂዎቹን ይሆናል፤ ልጃችን ዛሬ ባይገባው ነገ በራሱ ጊዜ ይነቃል፣ እስከዚያው ከእኛ የሚጠበቅ ብዙ ነገር የለም የሚል ዕረፍት አለበት። ነገሩን ከልጁ ወገን ሆነን ብናየው ግን ታሪኩ መጀመሪያና መጨረሻ እንጂ መሐል የለውም። የወደቀው ልጅ በምን መንገድ ሊቅ እንደ ሆነ አይነግረውም፤ የሆነው ሁሉ በድንገት የወረደ ጸጋ ይመስላል። ከእናቱ ማሕፀን ሊቅ ሆኖ ወጣ የሚለው ተቃራኒ ታሪክም ከዚህኛው የሚለየው በመጀመሪያው ገጽ ብቻ ነው። በሁለቱም ውስጥ ለሰሚው ልጅ የተተወለት ሥራ የለም፤ ወይ ይጠብቃል፣ ወይ ይቀናል።

እውነተኛው ታሪክ መሐል አለው፤ መሐሉም በሰዎች የተሞላ ነው። አልበርት በ1879 በጀርመኗ ኡልም ከተማ ተወለደ፤ በሚቀጥለው ዓመት ቤተ ሰቡ ወደ ሙኒክ ተዛወረ፤ በዚያም አባቱ ኸርማን ከአጎቱ ከያኮብ ጋር የኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚሠራ ድርጅት አቋቋመ። ብላቴናው ያደገው እንግዲህ ጄኔሬተርና ሽቦ የዕለት ወሬ በሆኑበት ቤት ነው። አጎት ያኮብ መሐንዲስ ነበር፤ አልጀብራን ሲያስተምረው ያልታወቀውን ቁጥር እንደሚታደን አውሬ አድርጎ ያጫውተው ነበር፤ እስኪያዝ ድረስ ኤክስ እንለዋለን፣ የተያዘ ለት እውነተኛ ስሙን እንሰጠዋለን እያለ። እናቱ ፓውሊነ ቫዮሊን አስጀመረችው። ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚስበው ግን በሳምንት አንድ ቀን ለምሳ የሚመጣው ማክስ ታልሙድ የሚባል የሕክምና ተማሪ ነው። ችግረኛ ተማሪን ጠርቶ ማብላት በአይሁድ ቤተ ሰቦች ዘንድ የቆየ ልማድ ነበር፤ ለቆሎ ተማሪ ቁራሽ መስጠትን ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። ታልሙድ የምሳውን ውለታ በመጻሕፍት መለሰ። ለዐሥር ዓመቱ ልጅ በአሮን በርንሽታይን የተዘጋጁ፣ ስለ ብርሃን ፍጥነት ብዙ የሚያወሩ፣ ለተራው አንባቢ የታሰቡ ተከታታይ የሳይንስ መጻሕፍት አመጣለት፤ ቆየት ብሎም የጂኦሜትሪ መጽሐፍ ሰጠው። ልጁ በየሳምንቱ የሠራውን ያሳየው ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ በሒሳብ ቀድሞት ሄደና ጨዋታቸው ወደ ፍልስፍና ዞረ። ይህን ታሪክ የሚሰማ ልጅ ከሊቁ አጠገብ የተቀመጡትን ሰዎች ያያል። የሚነግረው አዋቂም እግረ መንገዱን የራሱን ወንበር ሳይፈልግ አይቀርም፤ አባትየው፣ አጎትየው፣ ምሳ በላተኛው፣ አንዳቸውም ሊቅ አልነበሩምና።

የኮምፓሱ ነገር ደግሞ አለ። አራት ወይም አምስት ዓመቱ ሳለ አባቱ ኮምፓስ አምጥቶ አሳየው፤ ማንም ሳይነካት ወደ አንድ አቅጣጫ የምትመለሰው መርፌ አስደነቀችው፤ ከነገሮች ጀርባ በጥልቅ የተሰወረ አንድ ነገር መኖር አለበት የሚል ስሜት አደረበት። ይህን የጻፈው በ67 ዓመቱ ነው። ስድሳ ዓመት የተሻገረ ትዝታ በኋላ የሆነውን ሁሉ ተሸክሞ የሚመለስ በመሆኑ፣ የሕፃኑ መደነቅ በእርግጥ ያን ያህል ነበር ወይስ የሽማግሌው ሐሳብ ወደ ኋላ ተመልሶ አገነነው ብሎ መጠየቅ እንደ ድፍረት የሚቆጠር አይመስለኝም። ራሱም በዚያው ጽሑፍ ትዝታ ሁሉ በዛሬ ማንነታችን ቀለም የተነከረ መሆኑን አልሸሸገም። ደግሞስ ኮምፓስ ያዩ ልጆች ስንትና ስንት ናቸው። ስለዚህ ኮምፓሱ አይንስታይንን ፈጠረው ማለት ከማስረጃው አልፎ መሄድ ይሆናል። ለእኛ የሚተርፈው ቁም ነገር ምናልባት ሌላ ቦታ ነው። ኮምፓስ በልጅ እጅ ላይ ስናኖር አፋችን ወዲያው ይከፈታል፦ ምድር እንደ ትልቅ ማግኔት ናት፣ መርፌዋ ወደ ሰሜን የምታመለክተው ለዚህ ነው እንላለን። መልሱ ትክክል ነው፤ ልጁ ግን ገና አልጠየቀም። ጥቂት ዝም ብንል ኮምፓሱን ያዞረዋል፣ ይገለብጠዋል፣ ከአልጋ ሥር ያስገባዋል፣ ቁልፍና ማንኪያ ያስጠጋበታል፤ መርፌዋ አንዳንዴ ስትታለል አንዳንዴ ስትመለስ ያያል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የራሱ ነው፤ መልሳችንም ያን ጊዜ የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል። ይህ ዝምታ ለወላጅም ለመምህርም ቀላል አይደለም፤ ማወቃችንን ማሳየት የምንወድ ፍጡራን ነንና።

አይንስታይንን ዐሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ በአራው ሳለ፣ ሌላ ጥያቄ ያዘው። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ እኔም በዚሁ ፍጥነት እየሮጥኩ ብከተለው ምን አያለሁ? በዕለት ኑሯችን ልማድ ከሄድን መልሱ ቀላል ይመስላል፤ እኩል እየሄደ ከጎናችን ያለ መኪና የቆመ እንደሚመስለን ሁሉ ብርሃኑም የቆመ ማዕበል ሆኖ መታየት አለበት። ነገር ግን እንዲህ ያለ የቆመ ብርሃን ማንም አይቶ አያውቅም፤ የብርሃንን ጠባይ የሚገልጹት የማክስዌል ቀመሮችም አይፈቅዱትም። ከዚህ ጥያቄ እስከ መልሱ ዐሥር ዓመት አለፈ። በመካከሉ በ1900 ተመረቀ፤ በዩኒቨርሲቲ ሥራ የሚሰጠው አጣ፤ በጊዜያዊ አስተማሪነት ተንከራተተ፤ በመጨረሻ የክፍል ጓደኛው የማርሴል ግሮስማን አባት ባደረጉለት እገዛ በ1902 በበርን ከተማ የፈጠራ ባለመብትነት ማመልከቻዎችን በሚመረምር መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። በ1905 ግንቦት ላይ ከሥራ ባልደረባው ከሚኬሌ ቤሶ ጋር ስለ ችግሩ ሲከራከር ውሎ አደረና በማግሥቱ ፍቺው መገኘቱን ለጓደኛው አበሠረ፤ ቋጠሮው ያለው ጊዜን በምንረዳበት መንገድ ውስጥ ነበር። ልጆች ከዚህ ሁሉ ዐሥር ዓመት የሚደርሳቸው ብዙ ጊዜ ያቺ ማግሥት ብቻ ናት። ዐሥሩን ዓመት መንገር ታሪኩን ያረዝመዋል፤ ሆኖም አንድን ጥያቄ ይዞ መቆየት ራሱ የአእምሮ ሥራ መሆኑን ልጁ ከዚህ የተሻለ የሚረዳበት ቦታ ያለ አይመስልም።

መልሱን ራሱን ለልጅ ማስረዳት ይቻላል ወይ? በከፊል ይቻላል ብዬ አስባለሁ፤ የሚቻለውንም ያሳየን አይንስታይን ራሱ ነው፤ ለተራ አንባቢ ብሎ ባዘጋጀው መጽሐፍ ውስጥ በባቡር ምሳሌ ተጠቅሟል። ረጅም ባቡር በፍጥነት እየሄደ ነው። በባቡሩ ፊትና በባቡሩ ኋላ በኩል ሁለት መብረቅ ወረደ። ከሐዲዱ ዳር፣ መብረቆቹ በወረዱባቸው ሁለት ቦታዎች ልክ መካከል የቆመ ሰው ሁለቱን ብልጭታ በአንድ ጊዜ ያያቸዋል፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ ወረዱ ይላል። በባቡሩ መካከል የተቀመጠችው መንገደኛ ግን ወደ ፊተኛው ብልጭታ እየሄደች፣ ከኋለኛው እየራቀች ነው፤ የፊተኛው ቀድሞ ይደርሳታል። ብርሃን ለእርሷም ለእርሱም በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚጓዝ ከሆነ፣ እርሷ የፊተኛው ቀደመ ማለቷ ስሕተት አይደለም። ልጆች እዚህ ላይ ሲደርሱ የሚያነሡት ጥያቄ የታወቀ ነው፦ ታዲያ ልክ የሆነው ማን ነው? ሁለቱም ልክ ናቸው የሚለውን መልስ ለመቀበል ልጅ ከአዋቂ የሚከብደው አይመስለኝም፤ ጊዜ ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሄዳል የሚለው እምነት በእኛ ላይ ይበልጥ ሥር ሰዷልና።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚገባን ይመስለኛል። ከአይንስታይን ሐሳብ ወጥቶ በየንግግሩ የሚገባው፣ ሁሉም ነገር አንጻራዊ ነው፣ እውነት እንደ ተመልካቹ ነው የሚለው አባባል ከዚህ የባቡር ምሳሌ የተወለደ ሊመስል ይችላል፤ ግን አይደለም። የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳቡ የቆመው በማይለወጡ ነገሮች ላይ ነው። የብርሃን ፍጥነት ለሁሉ አንድ ነው፤ የተፈጥሮ ሕግም ለቆመውም ለሚሄደውም አንድ ነው፤ ጊዜና ርቀት ከተመልካች ተመልካች የሚለያዩት እነዚህ እንዳይለያዩ ነው። መንገደኛዋና የቆመው ሰው ቢገናኙ እያንዳንዳቸው ሌላው ምን እንዳየና ለምን እንዳየ አስልተው ሊስማሙ ይችላሉ። ልጁ የሚለወጠውን ብቻ ይዞ ከሄደ የያዘው ግማሹን ነው፤ ምናልባትም አሳሳቹን ግማሽ። ይህ ሁሉ የሐሳብ ጨዋታ ብቻ ነው ለሚል ልጅ ደግሞ ማስረጃው በስልካችን ውስጥ አለ። ቦታችንን የሚያመለክቱት የጂፒኤስ ሳተላይቶች የያዟቸው ሰዓቶች ምድር ላይ ካሉት ጋር ሲነጻጸሩ በፍጥነታቸው የተነሣ በቀን 7 የሰከንድ ሚሊዮንኛ ያህል ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ ስበት በሚላላበት ከፍታ ላይ በመሆናቸው ደግሞ 45 ያህል ይቀድማሉ፤ ተጣጥቶ 38 የሰከንድ ሚሊዮንኛ ይቀድማሉ ማለት ነው። ብርሃን በዚህች ቅጽበት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ አባዝቶ ማግኘት ለስድስተኛ ክፍል ተማሪ አይከብድም፤ ከ11 በላይ ይወጣል። ይህ ልዩነት ባይታረም ኖሮ ስልኩ ቦሌ ያለውን ታክሲ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከከተማው ውጭ ያደርገው ነበር።

ስበት ግን ከዚህ ሁሉ ይከብዳል፤ የምንጠቀምበትም ምሳሌ ብዙ ጊዜ ያታልላል። የተለመደው የተወጠረ ጨርቅ ነው፤ መሐሉ ላይ ከባድ ኳስ ይቀመጣል፣ ጨርቁ ይጎደጉዳል፣ በዳር የተለቀቀ ብይ በጉድጓዱ ዙሪያ ይዞራል፤ ፀሐይም ሕዋን እንዲህ ታጎብጠዋለች ይባላል። ለዓይን ያምራል፤ ፕላኔቶች በማይታይ ገመድ አለመጎተታቸውንም ያሳያል። ነገር ግን ኳሱ ጨርቁን ያጎደጎደው ምድር ወደ ታች ስለሳበችው ነው። ስበትን በስበት አስረዳን ማለት ነው። ጨርቁን ስበት ወደሌለበት ወስደን ብንወጥረው ኳሱ ይሰምጣል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ቢመጣ ምሳሌው እዚያው ላይ ያበቃል። ከዚህም በላይ ጨርቁ የሚያሳየው የቦታን መጉበጥ ብቻ ነው፤ በምድር ላይ ዕቃ ሲወድቅ የምናየው ግን በአብዛኛው የጊዜ ነገር ነው፤ ከፍ ባለ ቦታ ያለ ሰዓትና ዝቅ ባለ ቦታ ያለ ሰዓት እኩል አይሄዱምና። ታዲያ ጨርቁን እንተወው? አይመስለኝም። ምሳሌው እስከዚህ ድረስ ይወስደናል፣ ከዚህ በኋላ ያሳስተናል ብሎ ድንበሩን አብሮ መንገር ይበቃ ይሆናል። ልጅ እንዲህ ያለውን ሐቅ የማይችል ይመስለናል እንጂ በጨዋታው ውስጥ ራሱ "ይህ መኪና ነው እንበል" እያለ የሚኖር ነው።

ከጨርቁ ይልቅ ወደ ነገሩ እምብርት የሚያደርስ አንድ ሙከራ አለ፤ የሚጠይቀውም አንድ ባዶ ሃይላንድ ብቻ ነው። ከግርጌው አጠገብ በሚስማር ይበሳል፣ ውሃ ይሞላል፣ ክዳኑ ይከፈታል፤ ውሃው በቀዳዳው ይፈስሳል። ከዚያ ከፍ ካለ ቦታ፣ ከሰገነት ወይም ከደረጃ ላይ፣ ይለቀቃል። እየወደቀ ሳለ ውሃው መፍሰሱን ያቆማል፤ መሬት እስኪነካ ድረስ ጠብ አይልም። ውሃውም ዕቃውም እኩል እየወደቁ ስለሆነ አንዱ በሌላው ላይ አይከብድም፤ ክብደት ጠፍቷል። አይንስታይን በ1907 በበርን መሥሪያ ቤቱ ተቀምጦ ያሰበው ይህንኑ ነው፤ ከከፍታ የሚወድቅ ሰው በሚወድቅበት ጊዜ የራሱ ክብደት አይሰማውም። በኋላ ይህን የሕይወቱ እጅግ ደስ የሚያሰኝ ሐሳብ ብሎታል። ከዚህች ቀላል ነገር ተነሥቶ፣ ስበትና የመፍጠን ስሜት የማይለያዩ ከሆነ ስበት ጭራሽ ጉተታ ላይሆን ይችላል፣ የሕዋና የጊዜ ቅርጽ ሊሆን ይችላል ወደሚለው ለመድረስ ስምንት ዓመትና ያን ጊዜ የማያውቀው ከባድ ሒሳብ አስፈለገው። ሒሳቡንም ያስተማረው ያው የክፍል ጓደኛው ግሮስማን ነው፤ አጠቃላይ አንጻራዊነት የሚባለው የዚህ ንድፈ ሐሳብ የተሟሉት ቀመሮች በ1915 ወጡ። ልጅ ወደ ቀመሮቹ አይደርስም፤ እኛም ብዙዎቻችን አንደርስም። የሃይላንዱ ውሃ ለምን ቆመ ወደሚለው ጥያቄ ግን ሁላችንም እንደርሳለን።

ስበት የሕዋና የጊዜ ቅርጽ ነው የሚለው ሐሳብ ትክክል ከሆነ ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ መንገዱ በጥቂቱ መጉበጥ አለበት፤ ስሌቱ 1.75 አርክ ሰከንድ ይላል፣ አንድ አርክ ሰከንድ ደግሞ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ነው። በፀሐይ አጠገብ ያሉ ከዋክብት የሚታዩት ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ስትጋረድ ብቻ በመሆኑ፣ በ1919 ግንቦት መጨረሻ ላይ እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ አርተር ኤዲንግተን በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ወዳለችው ፕሪንሲፔ ደሴት፣ ሌላ ቡድን ወደ ብራዚሏ ሶብራል ተጉዞ ከዋክብቱን ፎቶ አነሣ። ስሌቱን የደገፈው ውጤት በኅዳር ሲነገር አይንስታይን በአንድ ሌሊት የዓለም ሰው ሆነ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ በላሊበላና በአካባቢዋ የቀለበት ግርዶሽ ያየ ልጅ ይህን ታሪክ ከሌሎች ይልቅ ቀርቦ ይሰማው ይሆናል። ቀለበት ሆና በቀረችው ፀሐይ ዙሪያ ግን ኮከብ ማየት አይቻልም ነበር፤ ለምን ብሎ ከጠየቀ የኤዲንግተን ጉዞ ትርጉም በግማሽ ገባው ማለት ይቻላል።

አይንስታይን ልጆችን በመልስ ይንቅ እንደ ነበር የሚያሳይ ነገር አላጋጠመኝም። በሒሳብ መቸገሯን ለጻፈችለት ተማሪ በ1943፣ የእርሱ ችግር ከእርሷ እንደሚብስ እያጽናና መለሰላት፤ ቀልድ ቢሆንም ከግማሽ በላይ እውነት አለበት። ታናሽ ልጁ ኤድዋርድ ለምን እንዲህ ታዋቂ ሆንክ ብሎ ቢጠይቀው ደግሞ፣ በጎበጠ ቅርንጫፍ ላይ የሚሄድ ዕውር ጥንዚዛ መንገዱ መጉበጡን እንደማያውቅ፣ እርሱ ግን ጥንዚዛው ያላስተዋለውን ለማስተዋል ታድሎ እንደ ነበር መለሰለት ይባላል። ከሰማሁት ሁሉ ይህን ያህል አጭርና ይህን ያህል ሐቀኛ የሆነ የአጠቃላይ አንጻራዊነት ማብራሪያ አላውቅም። ዝናውንም ወደ ዕድል፣ ወደ ማስተዋል ዝቅ ያደርገዋል።

ነገር ግን ኤድዋርድ ራሱ በልጆች መጽሐፍ ውስጥ እምብዛም አይገኝም፤ የዚህንም ምክንያት እንረዳለን። በወጣትነቱ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያዘው፤ አባቱ በ1933 አውሮፓን ለቆ ሲሄድ ከተያዩ በኋላ ዳግመኛ አልተገናኙም፤ ኤድዋርድ በ1965 በዙሪክ ሞተ። እናቱ ሚሌቫ ማሪች ከአይንስታይን ጋር በአንድ ተቋም ፊዚክስ የተማረች፣ ተለያይተውም ልጁን ስታስታምም የኖረች ሴት ነበረች። ይህን ለስምንት ዓመት ልጅ መንገር ምን ይጨምራል? ምናልባት ምንም። ለዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ግን፣ በተለይ ስለ ሰው ታላቅነት የሚነገረውን ሁሉ መጠራጠር ለጀመረ፣ ዝምታው ራሱ እንደ ውሸት ሊቆጠርበት ይችላል። መለኪያው ዕድሜ ብቻ አይመስለኝም፤ ልጁ የሚጠይቀውን መጠየቅ የጀመረበት ጊዜ ነው።

የአቶም ቦምብ ጉዳይም እንዲሁ ነው። ልጆች ከዝነኛው ቀመር ጋር የቦምቡን ሥዕል በአንድነት አይተውት ይመጣሉ። ቀመሩ በ1905 የተናገረው መጠነ ቁስና ጉልበት የአንድ ነገር ሁለት መልክ መሆናቸውን ነው፤ ቦምብ እንዴት እንደሚሠራ አይናገርም፤ ወደዚያ የሚወስደው የዩራኒየም መሰንጠቅ የታወቀው በ1938 መጨረሻ ነው። አይንስታይን በቦምቡ ሥራ አልተሳተፈም፤ ነገር ግን ናዚዎች ቀድመው እንዳይሠሩት ፈርቶ በ1939 የፊዚክስ ሊቁ ሊዮ ዚላርድ ባረቀቀው ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በተላከ ደብዳቤ ላይ ፈረመ፤ በኋላም ተጸጸተበት። ከአገሩ ያሳደዱትን ሰዎች መፍራቱ ትክክል ነበር፤ መጸጸቱም ትክክል ይመስላል። ሁለቱን አንድ ላይ ለመያዝ ለአዋቂም ያስቸግራል፤ አንዱን ጥለን አንዱን ብንነግር ግን ልጁ የሚያገኘው ወይ ንጹሕ ቅዱስ ነው ወይ የጥፋት አባት፤ ሰውየው ከሁለቱ አንዱም አልነበረም።

የመጨረሻዎቹ ሠላሳ ዓመታት ይቀራሉ፤ የልጆች መጻሕፍት ብዙ ጊዜ በዝምታ የሚያልፏቸው። አይንስታይን ከ1920ዎቹ ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1955 ድረስ ስበትንና ኤሌክትሮማግኔቲዝምን በአንድ ንድፈ ሐሳብ ለማጠቃለል ሞከረ፤ አልተሳካለትም። ራሱ በ1905 የብርሃንን ቅንጣት ሐሳብ አቅርቦ እንዲያድግ የረዳውን፣ የኖቤል ሽልማትም ያገኘበትን የኳንተም ፊዚክስ፣ ሌሎች ባደረሱት መልክ አልቀበለውም አለ፤ በዚህም አብዛኞቹ ባልደረቦቹ ትተውት ሄዱ። ሊሞት ሲል ሆስፒታል ውስጥ የስሌት ወረቀቶቹ ከአጠገቡ ነበሩ። የስበት ንድፈ ሐሳቡና የኳንተም ፊዚክስ ዛሬም አልታረቁም። ይህ ክፍል ልጁን ያሳዝነዋል ወይስ ያነሣሣዋል ብለን ብንጠይቅ አንድ መልስ የሚኖር አይመስለኝም፤ ያልተፈታ ነገር መኖሩን ሲሰማ ዓይኑ የሚበራ ልጅ አለ፣ ታላቁ ሰው ካልቻለው ማን ይችለዋል ብሎ የሚተወውም አለ። እኔ በበኩሌ ወደ መንገሩ አዘነብላለሁ፤ ካልተነገረ ፊዚክስ ያለቀ፣ የተጠረዘ ነገር መስሎ ይታያልና። ከፊቱ የተቀመጠውን ልጅ በቅርብ የሚያውቅ ሰው ግን ከእኔ በተለየ ቢፈርድ ፍርዱ ከእኔ የሚሻል ይሆናል።